ፒያኖውን የሚመታው ማን ነው?

የአለማየሁ እሸቴን ሸክላዎች የሚወድ ሰው ስለ ድምፁ፣ ስለ ጸጉሩና ስለ መድረክ እንቅስቃሴው አውርቶ አይጠግብም። «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለውንም ቅጽል ያክልበታል። «ፒያኖውን የሚመታው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። የብዙዎቹ ዘፈኖች አቀናባሪ ግን ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነ ነው።

ማንኪራ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ዝም የማይሉ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። የዴቻ ወረዳዋ ማንኪራ ስሟ የሚነሳው በቡና ነው፤ እሳቸውም እንግዳ ሲመጣባቸው ቡናው እስኪፈላ የሚያሳዩት የጫካውን ቡና ሳይሆን በካርቶን ያስቀመጧቸውን ሸክላዎች ነው። ጅማ ተማሪ ሳሉ የገዟቸው ናቸው። ሸክላ ማጫወቻው ከተበላሸ ዘመን አልፎታል። አንዱን ከሽፋኑ አውጥተው ጠርዙን በሁለት መዳፋቸው ይይዛሉ፤ እፍ ብለው አቧራውን ያራግፋሉ፤ ጭረቱን ወደ ብርሃን አዙረው ያያሉ። «ልጄ፣ ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ የማዳምጠው ከኋላው ያለውን ነው» አሉኝ።

ከኋላው ያለው ሰው ፒያኖን ያለ አስተማሪ የተማረ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የኤልቪስና የሊትል ሪቻርድ ዘፈኖች ወጣቱን ሲያስጨፍሩ፣ የእኛ ሙዚቀኞች ያንን ምት ከአገሩ ቅኝት ጋር ማዋሃድ ያዙ። ይህ በወሬ ቀላል ነው። ትራምፔትና ሳክስፎኑ በዘፋኙ ቃል መሃል የት እንደሚገቡ፣ ቤዙ መቼ እንደሚቆም፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ በሆነ የሸክላ ገጽ ላይ መግቢያው ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ መወሰን የአቀናባሪው ሥራ ነው። ግርማ ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። በራሱ ድምፅ የተቀረጹት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» እስከ ዛሬ ይደመጣል። እንደ እኔ ከሆነ ያን ያህል ጥቂት መዝፈኑ ጉዳቱ ለእኛ ነው።

ሸክላዎቹ የታተሙበት ሁኔታም የራሱ ጀብዱ አለው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማህበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ግን በ1969 እ.ኤ.አ. አዋጁን ችላ ብሎ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሸክላው የአለማየሁ ነበር። ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ አገር እየታተመ ይመጣ ነበር። ግርማና አለማየሁም በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ስማቸውን አጋጥመው «ዓለም ግርማ ባንድ»ን መሠረቱ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ገበያ አጠፋው፤ አምሃም በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ለቆ ወጣ። ግርማ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ ከጓደኞቹ ጥቂቶቹ ጋር እዚያው ቀረ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ ግርማ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። መኪናውን ያስሞላ የነበረው የአገሩ ሰው ስንት ጊዜ የእሱን ቅንብር በቴፕ እያዳመጠ አልፎት ይሆን?

በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክስ» በሚል ተከታታይ አልበም የድሮዎቹን ዘፈኖች ለዓለም ሲያደርስ፣ የግርማም ስም ከአቧራው ወጣ። አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ አካለ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር ተጫወተ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታዩ 30ኛ አልበም የእሱ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምስጋናው ከባዕድ መጀመሩ ያስቆጫል፤ አለመጀመሩ ግን የባሰ ይሆን ነበር።

መምህሩ አዲሱን አልበም የሰሙት በልጃቸው ስልክ ነው። ወደውታል። ሆኖም ከድሮው ሸክላ ጋር ሲያስተያዩት ከበሮው በዝቶባቸዋል፤ ልጃቸው ደግሞ ጥፋቱ የስልኩ ስፒከር ነው ባይ ነው። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳም ክርክሩ አላለቀም ነበር።