የካንሰር ጂኖች አድራሻ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1972 ቺካጎ ውስጥ ዶ/ር ጃኔት ሮውሊ በቤታቸው የመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ የክሮሞሶም ፎቶግራፎችን በመቀስ እየቆረጡ ጥንድ ጥንዱን ይደረድሩ ነበር። ፎቶግራፎቹ የተነሡት ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለ የደም ካንሰር ከያዛቸው ሕሙማን ሕዋሳት ነው። በእነዚህ ሕሙማን ላይ አንድ ክሮሞሶም (በኋላ 22ኛው መሆኑ የታወቀው) ከልኩ አጥሮ እንደሚታይ ፒተር ናውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ደርሰውበታል። የጎደለው ቁራጭ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሮውሊ በወቅቱ አዲስ በነበረ የክሮሞሶም ማቅለሚያ ዘዴ ሲመረምሩ ቁራጩ 9ኛው ክሮሞሶም ጫፍ ላይ ተለጥፎ አገኙት። ግኝታቸው በ1973 ታተመ። በተሰበረው ቦታ ላይ የትኛው ጂን እንዳለ ግን ማይክሮስኮፕ ሊያሳይ አይችልም።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን፣ ከዶሮና ከአይጥ ቫይረሶች ነው።

በ1911 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ፔይተን ራውስ ከታመመች ዶሮ የወጣ ዕጢ ፈጭተው፣ ሕዋስም ባክቴሪያም በማያሳልፍ ማጥለያ አጥልለው፣ ጤነኛ ዶሮዎችን በፈሳሹ ቢወጓቸው ተመሳሳይ ዕጢ አበቀሉ። ብዙዎች የዶሮ ነገር ነው ብለው ለአሥርት ዓመታት ችላ አሉት። ራውስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1966፣ በ87 ዓመታቸው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራውስ ቫይረስ ዕጢ የሚያበቅለው ሳርክ በተባለ አንድ ጂን ብቻ መሆኑ ታወቀ። ጂኑስ ከየት መጣ? በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ጥያቄውን ያዙት። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ስቴሄሊን የቫይረሱን አርኤንኤ ሬዲዮአክቲቭ ወደሆነ ዲኤንኤ ገለበጡ። ከዚያም ሳርክ ከጎደለው ቫይረስ ጋር እያገናኙ የተጣመረውን ሁሉ አስወገዱ፤ የቀረው የሳርክ ቅጂ ብቻ ነበር። ይህን ቅጂ ከጤነኛ ዶሮ ዲኤንኤ ጋር ሲያገናኙት ተጣመረ። በድርጭት፣ በተርኪ፣ በዳክዬና በኢሙም እንደዚያው ሆነ። ከተመራማሪው ፒተር ቮግት ጋር በ1976 ያሳተሙት ውጤት ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ቫይረሱ ካንሰር አምጪውን ጂን የነጠቀው ከዶሮዋ ራሷ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳርክ ዘመድ በሰው ዲኤንኤም ተገኘ። ቢሾፕና ቫርመስ በ1989 ኖቤል ሲሸለሙ ስቴሄሊን አልተካተቱም።

ቀጥሎ የቦታ ጥያቄ መጣ። የቫይረስ ጂኖቹ የሰው አቻዎች ከ23ቱ ጥንድ ክሮሞሶሞች በየትኞቹ ላይ ናቸው? ይህን ለማወቅ የሰው ሕዋስ ከአይጥ ወይም ከሃምስተር ሕዋስ ጋር ይዋሃዳል። ውሁዱ በተባዛ ቁጥር የሰው ክሮሞሶሞች እየጠፉ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሕዋስ ጥቂቶቹን፣ ሌላው ሌሎቹን ይዞ ይቀራል። የእያንዳንዱ ዲኤንኤ በኢንዛይም ተቆራርጦ፣ በጄል ውስጥ እንደየርዝመቱ ተለያይቶ ወደ ስስ ወረቀት ይተላለፋል። ወረቀቱ ከቫይረሱ ጂን በተሠራ ሬዲዮአክቲቭ ቅጂ ይነከርና ፊልም ይጫንበታል። ፊልሙ ሲታጠብ የሰው ጂን ባለበት ጥቁር መስመር ይወጣል። መስመሩ 9ኛ ክሮሞሶም ባላቸው ሕዋሳት ሁሉ ታይቶ በሌላቸው ከጠፋ፣ ጂኑ 9ኛው ላይ ነው ማለት ነው።

በ1982 የኔዘርላንድስና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኤብል የተባለውን ጂን ያገኙት በዚሁ ክሮሞሶም ላይ ነው። ኤብል መጀመሪያ የታወቀው አይጦችን የደም ካንሰር ከሚያስይዘው የኤቤልሰን ቫይረስ ነበር። በዚያው ዓመት ጂኑ በሉኬሚያ ሕሙማን ላይ ከ9ኛው ተነሥቶ ወደ አጭሩ 22ኛ እንደሚዛወር ተረጋገጠ። ሮውሊ ያዩት ዝውውር የሁለትዮሽ ልውውጥ ነበር። ፎቶግራፍ ቆራጮቹና ቫይረስ አጥኚዎቹ በየፊናቸው ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ።

ሚክ የተባለው የሌላ ዶሮ ቫይረስ ጂን አቻም በ1982 በ8ኛው ክሮሞሶም ላይ ተገኘ። ይህ ክሮሞሶም በሌላ ካንሰር የሚሰበር ነው፤ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ በ1958 ጽፈው አሳውቀው ነበር። ሊምፎማ በተባለው በዚህ ካንሰር 8ኛውና 14ኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ እንደሚለዋወጡ በ1970ዎቹ ታይቷል። ሚክ ወደ 14ኛው ሲሄድ የሚያርፈው ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ከሚያሠራ ጂን አጠገብ ነው፤ ሚክም አብሮ ተቀስቅሶ ሕዋሱ ያለማቋረጥ እንዲባዛ ያደርጋል።

ሁሉም አድራሻ እንዲህ አልሰመረም። የጦጣ ቫይረስ ጂን የሆነው ሲስ በ22ኛው ላይ ሲገኝ በሉኬሚያው ተጠርጥሮ ነበር፤ ስብራቱ ግን ከእሱ ርቆ ተገኘ።

ኤብል በ22ኛው ላይ ቢሲአር ከተባለ ጂን ጋር ተቀጥሎ የሚያወጣውን ፕሮቲን የሚያግደው ኢማቲኒብ፣ በገበያ ስሙ ግሊቬክ፣ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ብዙዎችን በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረው ሉኬሚያ በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት የሚያዝ ሆነ። አድራሻ ማወቅ ግን ሁልጊዜ ፈጥኖ መድኃኒት አላስገኘም። በአይጥ ቫይረስ በኩል የታወቀው ኬራስ የተባለ ጂን በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑ የተለየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እሱን በቀጥታ የሚያግድ የመጀመሪያው መድኃኒት ሶቶራሲብ ግን የተፈቀደው በ2021 ነው፤ ያኔም የተፈቀደው አንድ የተወሰነ የኬራስ ለውጥ ላለባቸው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ብቻ ነበር።