ከባሕር ዳር እስከ ወለቃ፦ መንገደኛ ሳያያቸው የሚያልፋቸው ሥፍራዎች

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው መንገደኛ ማልዶ ተነሥቶ ቀን ሳይጋመስ ጎንደር ይገባል። የጎብኚውም ሐሳብ ከጣና ገዳማት በቀጥታ ወደ ፋሲል ግንብ ይሻገራል። በመካከሉ ግን የሩዝ ማሳ፣ ብቻውን የቆመ ዐለት፣ ከጎንደር ግንቦች የሚቀድም ቤተ መንግሥት ይገኛሉ፤ ከጎንደር ጥቂት አለፍ ሲባል ደግሞ የሸክላ መደቦች አሉ። ቆሞ ለጠየቀ ሰው እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው።

የፎገራ ሩዝ

ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ሜዳ ከተማ ናት። ሜዳው በክረምት በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት ይጥለቀለቃል። ለብዙ ዘመን ውኃው ለሌላ ሰብል እንቅፋት ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም ከሰሜን ኮሪያ በመጡ የግብርና ባለሙያዎች አማካኝነት ሩዝ ከተዋወቀ በኋላ ግን ያው ውኃ ሀብት ሆነ። ዛሬ አካባቢው በአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት ሩዝ አምራቾች አንዱ ሲሆን፣ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ለእንጀራ ይውላል። በጥቅምትና በኅዳር የሚያልፍ መንገደኛ ያሸተውን ሰብል ከመንገዱ ሳይርቅ ያያል። በወተት ሰጪነቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያም የሚጠራው በዚሁ ሜዳ ስም ነው።

ጊዜ ያለው ሰው ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ ጥቂት ሄዶ አውራምባን መጎብኘት ይችላል። በ1964 ዓ.ም በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራ በጾታ ሳይለይ በችሎታ የሚከፋፈልበት ነው። ነዋሪዎቹ በሽመና ሥራቸውም ይታወቃሉ።

ብቻውን የቆመው ዐለት

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሶ አዲስ ዘመንን ያለፈ ተጓዥ በተራራው ወገብ ላይ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ ዐለት ይመለከታል። ጎብኚዎች አንዳንዶቹ «የእግዚአብሔር ጣት»፣ ሌሎቹ «የሰይጣን አፍንጫ» ይሉታል። አፈጣጠሩ ከእሳተ ገሞራ ጋር የተያያዘ ነው። በገሞራው ጉሮሮ ውስጥ ቀልጦ የነበረው ድንጋይ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ በዙሪያው ያለውን ልል ድንጋይና አፈር ዝናብና ነፋስ በረጅም ዘመን ጠርገው ሲወስዱት ጠንካራው ክፍል ብቻውን ይቀራል። ገበሬው በእርሻው የሚያየው የአፈር መሸርሸር በዚህ ሥፍራ ተራራ ቀርጿል።

ጉዛራ

እንፍራንዝ አጠገብ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ይታያል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሡት በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ በ1636 በመሆኑ ጉዛራ ለጎንደር የግንብ ጥበብ ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል። ኮረብታውን የወጣ ሰው የጣናን ሜዳ ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል።

ወለቃ

ጎንደር አልፎ በደባርቅ መንገድ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ሜትር ሲኬድ በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ጥቋቁር የሸክላ ቅርጾች ይታያሉ። አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ በብዛት ይገኛሉ። መንደሩ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረው ወለቃ ነው። «ፈላሻ» የሚለው መጠሪያ ማኅበረሰቡ የማይወደው ስለሆነ ጎብኚው ባይጠቀምበት ይመረጣል።

ቤተ እስራኤላውያን ለረጅም ዘመን የርስት መሬት ተነፍገው ስለኖሩ መተዳደሪያቸው የእጅ ሥራ ሆነ። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ይሸምኑ ነበር። የአካባቢው ገበሬ የሚያርስበት ማረሻና የሚያጭድበት ማጭድ፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ ከእነዚህ እጆች ይወጣ ነበር። ሆኖም ሠሪዎቹ «ቡዳ» እና «ጠይብ» እየተባሉ ይናቁ፣ ይፈሩም ነበር። አገር የሚመገበው በእነርሱ መሣሪያ ቢሆንም ከማዕድ ይገለሉ ነበር።

ከ1970ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል አቀኑ። በግንቦት 1983 ዓ.ም ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በወለቃ የጸሎት ቤታቸው ቀርቷል። ዛሬ የሸክላውን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ጎረቤት የነበሩ ሴቶች ናቸው። በአንድ ወቅት የተናቀው ሙያ ዛሬ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በመደቡ የሚያልፍ መንገደኛ አንዲት ቅርጽ ሲገዛ ሙያው እንዲቀጥል ያግዛል።

ለመንገደኛ

ከመነሣት በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ አጣርቶ መነሣት ይገባል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ወረታ፣ አዲስ ዘመን ወይም እንፍራንዝ ላይ ወርዶ በሌላ ተሽከርካሪ መቀጠል ይችላል። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከመቆም ይቆጠብ፤ ሰፊ ጥግ ይፈልግ። ሰብል አይረገጥም፤ ከጥንታዊ ግንብ ድንጋይ አይነሣም፤ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሣም። መንገድ የሚያሳይ የአካባቢው ወጣት ከተገኘ ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ይበጃል።

በአንድ ሰዓት እረፍት የሚገዛ ሻይ፣ ሩዝ ወይም ሸክላ ለመንገደኛው ትንሽ ወጪ ነው። በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ሰው ግን የዕለት ገቢ ነው፤ አካባቢው ያለውን ቅርስ እንዲጠብቅም ምክንያት ይሆነዋል።