መንገድና ውሃ፦ የሲዬናጋ ግራንዴ ረግረግ ታሪክ

በሰሜናዊ ኮሎምቢያ፣ የማግዳሌና ወንዝ ከካሪቢያን ባሕር በሚቀላቀልበት አካባቢ፣ ሲዬናጋ ግራንዴ ዴ ሳንታ ማርታ የተባለ ሰፊ ረግረጋማ ምድር ይገኛል። በምዕራብ ማግዳሌና፣ በምሥራቅ ደግሞ ከፍታው ከ5,500 ሜትር የሚበልጠው የሴራ ኔቫዳ ተራራ ያዋስኑታል። በሰሜን ከባሕሩ የሚለየው ሳላማንካ የሚባል ቀጭን የአሸዋ ምድር ብቻ ነው።

የዚህ ረግረግ ሕይወት የተመሠረተው ጨው አልባና ጨዋማ ውሃ በሚገናኙበት ሚዛን ላይ ነው። ማግዳሌና በሚሞላበት ወራት በተፈጥሮ ቦዮች አማካይነት ውሃውን ወደ ረግረጉ ያፈስሳል፤ ባሕሩም በበኩሉ ይገባል። በአካባቢው በትነት የሚጠፋው ውሃ በዝናብ ከሚገኘው ስለሚበልጥ፣ የወንዙ ውሃ በተቋረጠ ጊዜ ጨው በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ጨውን የሚችል ቢሆንም፣ ችሎታው ወሰን አለው። በሥሮቹ መካከል ዓሣ ይራባል፤ ኑዌቫ ቬኔሲያን በመሳሰሉት፣ በውሃ ላይ በምሰሶ በቆሙ መንደሮች የሚኖሩት አጥማጆችም የሚተዳደሩት በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1960 የባራንኪያን ከተማ ከሲዬናጋ ከተማ የሚያገናኝ መንገድ በሳላማንካ ላይ ተሠራ። መንገዱ ለንግድ የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ባሕሩና ረግረጉ የሚገናኙባቸውን መተላለፊያዎች አብዛኞቹን ዘጋ። በ1970ዎቹ ደግሞ በማግዳሌና ዳር የተሠራው ሌላ መንገድና የአፈር ግድብ የወንዙን ውሃ ከለከለ። ሳላማንካ በ1964 ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ቢታወጅም፣ አዋጁ የውሃውን መንገድ አላስከፈተም። ከዚህም የተነሣ እስከ 1995 ድረስ ከማንግሮቩ ደን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደረቀ፤ ዓሣውም በብዛት አለቀ።

ከ1996 እስከ 1998 የተደፈኑት ቦዮች ተቆፍረው ተከፈቱ፤ ጨዉ ቀነሰ፤ ደኑም በከፊል አገገመ። ሥፍራው በ1998 በራምሳር ስምምነት፣ በ2000 ደግሞ በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ ቦዮቹ በየጊዜው ባለመጠረጋቸው በደለል መሞላት ጀመሩ። በ2017 ሥፍራው የራምሳር ስምምነት አደጋ ላይ ያሉ ረግረጎችን በሚመዘግብበት ዝርዝር ውስጥ ሰፈረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የመንገድ ዕቅድ አውጪ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው በየትኛው ወር፣ ከየት ወዴት እንደሚፈስስ በካርታ ላይ ማመልከት ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የተከፈተ ቦይ ዓመታዊ የመጥረጊያ በጀት ካልተመደበለት ተመልሶ ይደፈናል። የጂኦግራፊ መምህርም ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቹ ሲያቀርብ፣ መንገዱን፣ ወንዙንና ደኑን በአንድ ካርታ ላይ አገናኝተው እንዲመለከቱ ቢያደርግ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል።