«ይሄማ ኤዲቲንግ አይባልም»

በስልኩ ካፕከት ከፍቶ ቪዲዮ የሚቆርጥ ወጣትና በፕሪሚየር ያደገ ጎልማሳ ኤዲተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ ክርክር አይጠፋም። ትልቁ «ይሄማ ኤዲቲንግ አይባልም» ይላል። ይህን አባባል ግን እሱም የወረሰው ከታላላቆቹ ነው።

ሞቪዮላ የሚባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1924 ከመጣ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ኤዲተር ማለት ፊልሙን በእጁ ቆርጦ የሚቀጥል ሰው ነበር። በ1989 አቪድ መጣና ሥራው ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ያልተዋጠላቸው ነበሩ። የስፒልበርግ ኤዲተር ማይክል ካን እስከ 2008ቱ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ድረስ ሴሉሎይድ ሲቆርጥ ቆይቷል።

ዋልተር መርች ግን ሌላ ዓይነት አንጋፋ ነው። «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት»ን በፊልም ጀምሮ በአቪድ ጨረሰው፤ በ1997ም በዲጂታል ለተቆረጠ ፊልም የመጀመሪያውን የኤዲቲንግ ኦስካር ወሰደ። አዲሱን ተቀብሎም የጠፋውን ለይቶ ተናገረ። አንድ ሾት ለማግኘት ሪሉን ሲያዞሩ ያልፈለጉት ሾት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም የተሻለው እሱ ሆኖ ይገኛል። ኮምፒውተሩ የጠየቁትን ብቻ ያመጣል። ረዳቱም አለ፦ ቁራጭ ፊልም እያቀበለ፣ ዋናው ኤዲተር ለምን እዚህ ጋ እንደቆረጠ አጠገቡ ቆሞ እያየ ይማር ነበር። ከኮምፒውተሩ በኋላ ያ ቦታ ቀረ። ይህ «በእኛ ጊዜ» ከሚለው ተራ እንጉርጉሮ ጋር መደባለቅ የለበትም፤ እውነተኛ ኪሳራ ነው።

የቀለሙ ነገር ደግሞ በአብዛኛው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። በ2000 «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ላይ ሮጀር ዲኪንስ የሚሲሲፒን ለምለም አረንጓዴ በኮምፒውተር ወደ ደረቀ ቢጫ ሲለውጠው፣ ከለር ግሬዲንግ ለጥቂት ሀብታም ስቱዲዮዎች ብቻ የተከፈተ ክፍል ነበር። የዳቪንቺ መሣሪያ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጥ ነበር። ብላክማጂክ ዲዛይን ኩባንያውን በ2009 ገዛ፤ በዓመቱ ሶፍትዌሩን በ995 ዶላር አወጣው፤ በ2011 ነጻ ቅጂ ለቀቀ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በላፕቶፑ ሪዞልቭ የሚከፍት ልጅ የዚያ ውሳኔ ተጠቃሚ ነው። ሙያው ረከሰ ብለው የሰጉ ከለሪስቶች ግማሽ እውነት ነበራቸው፤ ዓይን በዓመታት ነው የሚሠለጥነው። ሌላው ግማሽ ግን ሲያስከብራቸው የኖረው ዓይናቸው ሳይሆን በሩ ላይ የተለጠፈው ዋጋ መሆኑ ነው።

በዚያው በ2011 ሰኔ ላይ አፕል ፋይናል ከት ፕሮ ቴንን አወጣ። የድሮ ፕሮጀክት አይከፍትም፤ የባለሙያ መሣሪያዎችም ጎድለውታል። ቁጣው በቂ ምክንያት ነበረው። ግን በጣም የጮኹት እነማን ነበሩ? ፋይናል ከት በ1999 ሲወጣ አቪድ ይዘው በኖሩት ዘንድ እንደ መጫወቻ የታየባቸው። አሁን እነሱ አዲሱን «መጫወቻ» አሉት።

አንዳንዱ ደግሞ ሳይጨቃጨቅ በለመደው ቀጠለ። ኮሪያዊው ያንግ ጂን-ሞ «ፓራሳይት»ን የቆረጠው ሽያጩ ከቆመ ዓመታት ባለፈው በፋይናል ከት ፕሮ 7 ነው። ፊልሙ በ2020 የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ።