ስማችንን የተዋሱት የሜቶዲስት ቄሶች

አንድን ቤተ ክርስቲያን ማወቅ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው ሕንፃው ላይ ነው። ጉልላቱ ስንት ክንድ ነው? ደወሉ ከየት መጣ? ትንሽ ጠለቅ የሚለው ደግሞ ሃይማኖቱን ይጠይቃል፤ ምን ያምናሉ፣ ምንስ አይቀበሉም ይላል። መልካም ነው። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ አለ ባይ ነኝ፤ እሱም አገልጋዮቹን ማወቅ ነው። ማን ይሰብካል? ማን ያስተምራል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ለቄሱ ስንት፣ ለአስተማሪው ስንት ይከፈላል? ስብሰባ ሲጠራ ማን ወንበር ይስባል፣ ማንስ በር ላይ ይቀራል? የአንድ ቤት እምነት በስብከቱ ብቻ አይታወቅም፤ በደመወዝ መዝገቡም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዛሬ 130 ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ አንድ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጥያቄ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ የወጣችው አዲስ ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ተባለች። መሥራቾቿ ግን ኢትዮጵያን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ የሜቶዲስት ቄሶች ነበሩ። እንዴት? ታሪኩ ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሜቶዲስቶች መሥራች ጆን ዌስሊ (1703–1791) የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚያች ቤተ ክርስቲያን አልወጡም። «ሜቶዲስት» የሚለው ስም መጀመሪያ የወጣው ለፌዝ ነው። ዌስሊና ጓደኞቻቸው በኦክስፎርድ ለጸሎቱም ለጾሙም ለምጽዋቱም ሰዓትና ሥርዓት አበጅተው ሲኖሩ ያዩ ሰዎች «እነዚህ ዘዴኞች!» እንደ ማለት አድርገው ቀለዱባቸው። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

ዌስሊ ታላቅ ሰባኪ ብቻ አልነበሩም፤ ታላቅ አደራጅም ነበሩ። ምእመናኑን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ያህል እያደረጉ በትናንሽ ማኅበራት ከፋፈሏቸው። ለእያንዳንዱ ማኅበር አለቃ ተሾመለት፤ አለቃውም በየሳምንቱ አባላቱን እያነጋገረ የነፍሳቸውን ነገር ይጠይቃል። ልማዱ በ1742 ብሪስቶል ከተማ ላይ ሲጀመር ምክንያቱ የጸሎት ቤቱ ዕዳ ነበር፤ ለዕዳው መክፈያ ከእያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ የሚሰበስብ ሰው ተፈለገ። ፔኒ ሊሰበስብ የሄደው ሰው የሰዎቹንም ኑሮ አይቶ ተመለሰ። ሰባኪው ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። በአንድ ወረዳ ሥር ያሉትን ጸሎት ቤቶች በፈረስ እየዞረ ያገለግላል፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል።

ታዲያ ሰባኪው ሲሄድ ቤቱን ማን ይይዘዋል? የማኅበር አለቃው፣ ደመወዝ የማያውቀው የሰፈር ሰባኪ፣ ገንዘብ ያዡ፣ አስተማሪው፣ የመዝሙር መሪው ናቸው የሚይዙት። በእኛ አገር ደብር ያለ ቄሰ ገበዙ፣ ያለ መሪጌታውና ያለ ዐቃቢቷ እንደማይቆም ማለት ነው። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጉልበት ከመጀመሪያውም ስማቸው በማይጠራ አገልጋዮች ትከሻ ላይ ነበር።

ደቡብ አፍሪካም የሆነው ይኸው ነው። የዌስሊ ተከታዮች ወደዚያ የገቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ትራንስቫል ይባል በነበረው ሰሜናዊው ግዛት ግን ነጭ ሚሲዮናውያን ከመድረሳቸው በፊት ጥቁር ሰባኪዎች ሥራውን ጀምረውት ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሳሙኤል ማታባቴ ናቸው። ናታል ወርደው ክርስትናን ተቀበሉ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም ደመወዝ የሚቆርጥላቸው ሳይኖር ምእመናን ሰበሰቡ፣ አስተማሩ፣ «ሚሲዮናዊ ላኩልን» እያሉም ዓመታት ጠበቁ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቄስ ኦወን ዋትኪንስ የመጀመሪያው የወረዳው ሊቀ መንበር ሆነው ሲመጡ የጠበቃቸው ጠፍ መሬት አልነበረም፤ ተዘርቶ የበቀለ እርሻ ነበር።

እንግዲህ እርሻው ሲያብብ የአዝመራው አከፋፈል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄውን በጽሑፍ ያወጡት ቄስ ማንጌና ሞኮኔ ናቸው።

ሞኮኔ በ1851 የተወለዱ የፔዲ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ ሥራ ፍለጋ ናታል ወርደው በሸንኮራ እርሻና በነጮች ቤት ሠርተዋል። እዚያው ተማሩ፣ ሰባኪ ሆኑ፣ ቆይተውም የቅስና ማዕረግ አገኙ። ፕሪቶሪያ አጠገብ በነበረው የኪልነርተን ማሠልጠኛም አገልግለዋል። ጨዋታ የማያውቁ ታታሪ ሠራተኛ ነበሩ። በ1892 እኚህ ሰው ከሥራቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ምክንያታቸውንም 14 ነጥብ አድርገው ዘረዘሩት።

ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። በውስጡ የሥላሴ ክርክር የለም፣ የጥምቀት ክርክር የለም፣ የቅዱስ ቁርባን ክርክርም የለም። ያለው ምንድን ነው? ከ1886 ጀምሮ ጥቁሮቹ ቄሶች ከነጮቹ ተለይተው ለብቻ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል፤ ያም ሆኖ ለብቻቸው በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ሊቀ መንበሩም ጸሐፊውም ነጭ ነው። የነጩ ቄስ ደመወዝ በዓመት 300 ፓውንድ ሲሆን የጥቁሩ ከ24 እስከ 60 ፓውንድ ነው። ለነጩ ቄስ የበሬ ጋሪና የቤት ዕቃ ይሰጠዋል፤ ጥቁሩ የሚያድርበት ቤት ከከብት ጋጣ አይሻልም፤ በርና መስኮቱን ከኪሱ የሚያሠራው እሱ ራሱ ነው። ለጥቁሩ ቄስ ሚስትና ልጆች የሚታሰብ ምንም አበል የለም። ምእመናኑን ሳምንቱን ሙሉ እየዞረ የሚጠይቅ ጥቁሩ ሆኖ ሳለ፣ ገና ቅስና ያልተቀበለ ነጭ መጥቶ አለቃ ይሆንበታል።

ቤት፣ በር፣ መስኮት፣ ጋሪ፣ ደመወዝ፣ ወንበር። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው «ይህማ የሥጋ ነገር ነው፤ ቄስ ለገንዘብ ይጣላል እንዴ?» ሊል ይችላል። ያን ጊዜም እንዲህ ያሉ አልጠፉም። ነገር ግን እስቲ ገልብጠን እንየው። ሁላችሁም በክርስቶስ ወንድማማቾች ናችሁ ብሎ የሚሰብክ ቤት፣ ለአንዱ ወንድም ለሌላው ከሚከፍለው አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሲከፍል ሰዎቹ የትኛውን ይመኑ? ስብከቱን ወይስ መዝገቡን? ሞኮኔ የተጣሉት ለገንዘብ አልነበረም። ገንዘቡ ሲናገር ሰሙት፤ የሚናገረውም ከመድረኩ ከሚሰበከው ጋር አልገጠመም። ደግሞም አቤት ሲባል የሚሰማ አልነበረም፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ሞኮኔና ጥቂት ጓደኞቻቸው ፕሪቶሪያ ውስጥ ማራባስታድ በሚባለው ሰፈር ለመሠረቷት ቤተ ክርስቲያን ስም ሲፈልጉ ያገኙት በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ ፈጣሪ እንደምትዘረጋ የሚናገረውን ትንቢት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለእነሱ «ኢትዮጵያ» ማለት መላው የጥቁር ሕዝብ ማለት ነበር። ሚሲዮናዊው ራሱ ያመጣላቸው መጽሐፍ ውስጥ ያለ፣ የሚሲዮናዊው ንብረት ያልሆነ ስም ነበር። ማንም ነጭ የወረዳ ሊቀ መንበር «ይህን ስም እኔ ሰጠኋችሁ» ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እኛ ኢትዮጵያውያን የስማችንን ዝና ሁሉ ከዐድዋ ጀምረን መቁጠር ይቀናናል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ግን የተመሠረተችው በ1892፣ ዐድዋ ደግሞ በ1896 ነው። ስሙ ከድሉ አራት ዓመት ይቀድማል። የዐድዋ ወሬ ሲሰማ በመጽሐፍ ብቻ ይታወቅ የነበረው ስም በአንድ ጊዜ ሥጋና አጥንት ለበሰ፤ እንቅስቃሴውም የበለጠ በረታ። መጀመሪያ ስሙን ያነሡት ሰዎች ግን ስለ ምኒልክ ጦር ብለው አልነበረም። በራቸውን ራሳቸው የሚያሠሩ ደሃ ቄሶች ክብራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ፈልገው ነበር።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ባሕር ይሻገራል፤ ያሻገረውም አንድ ደብዳቤ ነው። ሻርሎት ማንዬ የተባለች ወጣት ዘማሪ ከመዘምራን ጓድ ጋር አሜሪካ ሄዳ ኦሃዮ በሚገኘው የዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ዕድል አገኘች። ጆሃንስበርግ ለነበረችው እኅቷ የጻፈችውን ደብዳቤ ሞኮኔ አዩት፤ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸው ጳጳሳት፣ የራሳቸው ኮሌጅ ያለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እንዳላቸውም አወቁ። ይህች ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው በተመሳሳይ ቁስል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፊላደልፊያ በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ተንበርክከው ሲጸልዩ «ቦታችሁ እዚህ አይደለም» ተብለው ተነሥተዋል። በባርነት የተወለዱት ሪቻርድ አለን ጓደኞቻቸውን ይዘው ወጡ፤ አንድ አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዝተውም በ1794 ጸሎት ቤት አደረጉት። በ1816 ደግሞ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች።

ሞኮኔ በ1895 ለእነዚሁ ሰዎች ጳጳስ ለሄንሪ ተርነር ጻፉ። በ1896 ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ተዋሐዱ፤ በ1898 ጳጳሱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካ መጥተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ ሰባኪዎችን ቀቡ።

ይሁን እንጂ ሰው ሰው ነው፤ ቤቱ የራሱ ሲሆንም ጠብ አይጠፋም። ድርድሩን ለማድረግ አሜሪካ የተላኩት ቄስ ጄምስ ድዋኔ ነበሩ። እሳቸውም ከነጮቹ ሜቶዲስቶች የወጡት እንግሊዝ አገር ዞረው ለሥራው በሰበሰቡት ገንዘብ ላይ ማን ያዝዝ በሚል ጠብ ነው። ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ዘንድም በሹመቱና በርዳታው ነገር ቅር ተሰኙ። በ1900 ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ እዚያም «የኢትዮጵያ ማኅበር» የሚባል ክፍል ተመሠረተላቸው። ልብ በሉ፤ ቤት ሲለውጡ እንኳ የኢትዮጵያን ስም አልጣሉም። ሞኮኔ በበኩላቸው ከአሜሪካውያኑ ጋር እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ስለ ቄሶቹ ይህን ያህል ካልን ዘንድ ስለ ሌላው አገልጋይ ዝም ማለት ነውር ነው። ሄኖክ ሶንቶንጋ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለ የሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪና የመዝሙር መሪ ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው መዝሙር ይደርሱ ነበር። በ1897 ከደረሷቸው አንዱ እግዚአብሔር አፍሪካን እንዲባርክ የሚለምን ነው። በ1899 አንድ ጥቁር የሜቶዲስት ቄስ ሲሾሙ በአደባባይ ተዘመረ። ሶንቶንጋ በ1905 ገና በወጣትነታቸው ሞቱ፤ መቃብራቸውም ለብዙ አሥርት ዓመታት የት እንደ ሆነ ጠፍቶ ነበር። መዝሙሩ ግን ከትግሉ ጋር አገር ላገር ዞረ። የታንዛኒያና የዛምቢያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እሱ ነው፤ ከ1997 ወዲህም የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር የሚጀምረው በሱ ነው። መቃብሩ ተገኝቶ በ1996 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይህ አይደለምን? በደመወዝ መዝገቡ ታችኛው ረድፍ ላይ የነበረ መምህር ለአፍሪካ መዝሙሯን ሰጣት።

ጥለው ያልወጡትስ? እነሱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኔልሰን ማንዴላ በ1930ዎቹ መጨረሻ በሂልድታውን ሜቶዲስት ትምህርት ቤት ሲማሩ የቤቱ ተቆጣጣሪ ቄስ ሴት ሞኪቲሚ ነበሩ። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው እንደሚያወሱት፣ አንድ ምሽት በተማሪዎች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሞኪቲሚ ሲዳኙ፣ ነጩ ርእሰ መምህር ደርሰው «ምንድን ነው ነገሩ? አሁኑኑ ይነገረኝ» ብለው ተቆጡ። ሞኪቲሚ አልደነገጡም። ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ፤ ነገ ሪፖርት አደርጋለሁ እንዳልኩት አደርጋለሁ አሉ። ርእሰ መምህሩ መለስ ብለው ሄዱ። ለዚያ ዘመን ጥቁር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የሜቶዲስት ጉባኤ በ1958 ቤተ ክርስቲያኒቱ አንድና ያልተከፋፈለች ናት ብሎ ወሰነ፤ በ1964 ሞኪቲሚ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሞኮኔ የወንበሩን ጥያቄ ካነሡ 72 ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? አንደኛ፣ ስማችንን ተውሰው ክብር የፈለጉበትን ሰዎች አለማወቅ ውለታ ቢስነት ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ጥያቄያቸው ገና ያላረጀ መሆኑ ነው። በየደብራችንም በየጸሎት ቤታችንም ሕንፃው ሲያምር፣ ድምፅ ማጉያው ሲበረክት እናያለን። የቅዳሴ መምህሩ፣ የገጠሩ ወንጌላዊ፣ ጥበቃው፣ ጠራጊዋ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ስብሰባ ላይም ወንበር እንዳላቸው የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? የሞኮኔ 14 ነጥቦች በየትኛውም እምነት ቤት ደጃፍ ላይ ቢለጠፉ ዛሬም የሚጠይቁት አያጡም። ሰባኪውን ከሰማችሁ በኋላ፣ ስትወጡ እስቲ በር ከፋቹንም ጠይቁት፤ የስብከቱን ግማሽ የሚያውቀው እሱ ነው።