ሉሉ፦ የባሕር ማዶ ሠራተኛን ማዕድ ተከትሎ ያደገው የገበያ ሰንሰለት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ሉሉ» የሚለውን ስም ሳያውቅ አይቀርም። ለአንዱ የወር አስቤዛ የሚሸምትበት ቤት ነው፤ ለሌላው ደመወዙን ወደ አገር ቤት የሚልክበት መስኮት ነው፤ ለሌላዋ ደግሞ አሠሪዎቿን ተከትላ ጋሪ የምትገፋበት አዳራሽ ነው። ስሙ የተወሰደው ከዐረብኛ ሲሆን «ሉእሉእ» ማለት ዕንቍ ነው፤ በአማርኛ «ሉል» የሚባለውም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የባሕረ ሰላጤው ሕዝብ ዋና መተዳደሪያ ከባሕር ወለል ዕንቍ ማውጣት ስለ ነበረ፣ ስሙ ለአካባቢው ሰው ባዕድ አይደለም። ድርጅቱን የመሠረቱት ግን ሕንዳዊ ናቸው። ዕድገቱንም ከሁሉ በላይ የወሰነው ከእስያ አገሮች መጥቶ በዚህ የሚሠራው ሕዝብ ምን መብላት እንደሚፈልግ ቀድሞ መረዳቱ ነው።

መሥራቹ ኤም. ኤ. ዩሱፍ አሊ እ.ኤ.አ. በ1955 በደቡብ ሕንድ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ በትሪሱር አውራጃ በምትገኘው በናቲካ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1973 መጨረሻ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ «ዱምራ» በተባለች መርከብ ከቦምቤይ ተሳፍረው ከስድስት ቀን ጉዞ በኋላ ዲሴምበር 31 ቀን ዱባይ ደረሱ። አጎታቸው ኤም. ኬ. አብዱላ በአቡ ዳቢ ምግብ ነክ ሸቀጥ የሚያከፋፍል አነስተኛ ንግድ ነበራቸው፤ ወጣቱም ሥራ የጀመሩት በዚያ ነው። «ኤምኬ» የተባለው የድርጅቱ የቀድሞ ስም የመጣውም ከአጎታቸው ስም መነሻ ፊደላት ነው።

ጊዜው የለውጥ ጊዜ ነበር። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከተመሠረተች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በዚያው ክረምት የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ወጣ። በተገኘው ገንዘብ መንገድ፣ ወደብ፣ ሆስፒታልና መኖሪያ ሲሠራ፣ የሚሠራው እጅ ከኬረላ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ በኋላም ከፊሊፒንስ መጣ። ምድሩ በረሃ በመሆኑ አገሪቱ ዛሬም ከምትመገበው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ በዚያ ዘመን የምግብ ነጋዴ ዋናው ጭንቀት ሻጭና ገዢን ማገናኘት ብቻ አልነበረም፤ ዓሣውና ሥጋው በወደቡ ሙቀት ሳይበላሽ መጋዘን መድረሱ ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው፣ የጭነት መኪና ያለው፣ መርከቡ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ገበያውን ያዘ። ድርጅቱ ለረጅም ዓመታት የቆየው በዚህ በማስገባትና በማከፋፈል ሥራ ላይ ሲሆን፣ ወደ ችርቻሮ በስፋት የገባው በ1990ዎቹ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ብዙውን ነጋዴ ባሰጋበት ዘመን ነው።

በ1995 ማጂድ አል ፉጣይም የተባለው የዱባይ ኩባንያ በዴራ የፈረንሣይን ሥርዐት የተከተለ ሃይፐርማርኬት ከፈተ። ምግብ፣ ልብስ፣ የቤት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥበት ይህ ዐይነት ግዙፍ መደብር በአካባቢው አዲስ ነበር። ሉሉ የራሱን የመጀመሪያ ሃይፐርማርኬት በዱባይ አል ቁሰይስ የከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው የቀደመውን ከመቅዳት ሌላ ምርጫ የለውም ይባል ይሆናል፤ አዳራሹ፣ ጋሪው፣ የገንዘብ መቀበያው መስመር በእርግጥ ያው ነበር። የተለየው መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ነው።

ያን ጊዜ በዱባይና በአቡ ዳቢ ይኖር የነበረው ከኬረላ የመጣ ሠራተኛ በአብዛኛው ሚስቱንና ልጆቹን አገር ቤት ትቶ፣ አንድ ክፍል ለብዙ ተካፍሎ፣ ተራ ገብቶ የሚያበስል ሰው ነበር። ባለትልቅ ስም የምዕራብ ሸቀጥ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቀይ የማታ ሩዝ፣ የካሪ ቅጠል፣ ኮኮናት፣ ካሳቫና ሰርዲን ነው። ፓኪስታናዊው ባስማቲውን፣ ባንግላዴሻዊው ሂልሳ የተባለውን የወንዝ ዓሣ፣ ፊሊፒናዊቷ ባንጉስ ዓሣና የአገሯን ኮምጣጤ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ቀድሞ ያቀርብ የነበረው በየመንደሩ ያለው ትንሽ ሱቅ፣ በዐረብኛ «በቃላ» የሚባለው፣ ነው፤ ግን ዕቃው አንድ ሳምንት ይኖራል፣ ሌላ ሳምንት ይጠፋል፤ ዋጋውም እንደ ባለሱቁ ነው። ሉሉ ያንኑ ዕቃ ዋጋው ተጽፎበት፣ ቀኑ ታትሞበት፣ ሁልጊዜ እንዲገኝ አደረገ። በነሐሴና በመስከረም መካከል በሚውለው የኬረላ የመኸር በዓል፣ በኦናም፣ መደብሮቹ ከ20 በላይ ዐይነት ወጥና ጣፋጭ ያለበትን «ሳድያ» የተባለ ማዕድ ከሙዝ ቅጠሉ ጋር አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ ያን ሁሉ በአንድ ምድጃ ሊሠራ ከቶ አይችልም፤ በበዓሉ ዋዜማ ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው ሰንሰለቱ ለምን እንዳደገ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስልም።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ድርጅቱ የመረጠው መንገድ ደላላውን ማሳጠር ነው። ዕቃው በሚመረትበት አገር የራሱን የግዢ ቢሮ ይከፍታል፤ የቢሮው ሠራተኞች ከገበሬውና ከፋብሪካው ጋር በቀጥታ ተዋውለው፣ አሽገው፣ ይጭናሉ። እነዚህ ቢሮዎች ዛሬ በ19 አገሮች ሲገኙ፣ ሸቀጡ ከ85 አገሮች ይሰበሰባል። ሁለተኛው ጉዳይ የቦታ ምርጫ ነው። ትልልቅ መደብሮች ሀብታም ሰፈር ብቻ በሚፈልጉበት ጊዜ ሉሉ የሠራተኛው መኖሪያና መጋዘን በበዙባቸው እንደ አቡ ዳቢው ሙሰፋህና እንደ ዱባዩ አል ቆዝ ባሉ አካባቢዎችም ከፈተ። ሰፊ ቦታ ባልተገኘበት ደግሞ «ኤክስፕረስ» የተባለውን መካከለኛ መደብርና ከዚያም ያነሰውን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ የሚነገር ነው። በ2009 በአል ኾበር የመጀመሪያው የሳዑዲ መደብር ተከፈተ፤ በ2013 መሥራቹ ወደ ትውልድ ክፍለ ግዛታቸው ተመልሰው በኮቺ ከሕንድ ትልልቆቹ አንዱ የሆነውን የገበያ ማዕከል አስመረቁ፤ በ2016 ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ተከተሉ። በ2020 የአቡ ዳቢ መንግሥት የልማት ኩባንያ የሆነው ኤዲኪው፣ ሰንሰለቱ በግብፅ ለሚያደርገው መስፋፋት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያውል አስታወቀ።

ትልቁ የባለቤትነት ለውጥ የመጣው በኖቬምበር 2024 ነው። የችርቻሮው ክፍል «ሉሉ ሪቴይል» በሚል ስም በአቡ ዳቢ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። መጀመሪያ 25 በመቶ ድርሻ ሊሸጥ ታስቦ ነበር፤ ፍላጎቱ በመብዛቱ ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። አንዱ አክሲዮን በ2.04 ድርሃም ተሸጦ በድምሩ 6.32 ቢሊዮን ድርሃም፣ ማለትም 1.72 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ። በዚህ ዋጋ ኩባንያው ወደ 21 ቢሊዮን ድርሃም ተገመተ ማለት ነው። የቀረበው የግዢ ጥያቄ ከ135 ቢሊዮን ድርሃም በላይ እንደ ነበር ተገልጿል፤ ሆኖም በእንዲህ ያለው ሽያጭ ላይ ብዙ ባለሀብት እንደማይደርሰው እያወቀ ከሚፈልገው አብዝቶ ስለሚጠይቅ፣ ቁጥሩ ከልብ ፍላጎት ይልቅ የተስፋውን ግለት የሚያሳይ ነው። በሽያጩ ወቅት ኩባንያው በስድስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች 240 መደብሮች ነበሩት፤ ከነዚህ 116ቱ ሃይፐርማርኬቶች፣ 102ቱ ኤክስፕረስ፣ 22ቱ አነስተኛ ሱቆች ናቸው። በኤምሬትስ 103፣ በሳዑዲ 56፣ የቀሩት 81 በሌሎቹ አራት አገሮች ይገኛሉ።

ይህ ዕድገት ለሁሉም እኩል አልጠቀመም። የቀድሞዎቹ በቃላዎች ከትልልቆቹ ዋጋና ንጽሕና ጋር መወዳደር አቅቷቸው ብዙዎቹ ተዘግተዋል። በአቡ ዳቢ ባለሥልጣኑ ትንንሾቹ ሱቆች መደርደሪያቸውን፣ መብራታቸውንና ማቀዝቀዣቸውን እስከ 2012 መጨረሻ እንዲያሻሽሉ ማዘዙም አንዳንዶቹ በራቸውን እንዲዘጉ አድርጓል። ከሱቁ ጋር የጠፋ አንድ ነገር ዱቤ ነው። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ በቃላው ዘንድ ስሙን በደብተር አስጽፎ ሩዝና ዘይት ይወስድ ነበር፤ የሃይፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ደብተር የላትም።

አንባቢ ሊለየው የሚገባ ሌላ ጉዳይም አለ። ገንዘብ የሚላክበት «ሉሉ ኤክስቼንጅ» በ2009 በአቡ ዳቢ የተጀመረና የመሥራቹ አማች በሆኑት በአዲብ አሕመድ የሚመራ የፋይናንስ ድርጅት አካል ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ከገበያው ኩባንያ የተለየ አመራር ያለው ስለሆነ፣ በሐዋላ ጉዳይ የሚቀርብ ጥያቄም ሆነ ቅሬታ ለዚያው ድርጅት መቅረብ አለበት።

የኢትዮጵያ ምርትስ በባሕረ ሰላጤው ገበያ የት አለ? ሥጋው አለ። በሞጆና በቢሾፍቱ ቄራዎች የሚታረደው የበግና የፍየል ሥጋ፣ በረዶ ሳይሆን ቀዝቅዞ ብቻ፣ በአውሮፕላን ወደ ኤምሬትስና ወደ ሳዑዲ ይላካል፤ ሁለቱ አገሮች የኢትዮጵያ ሥጋ ዋና ገዢዎች ናቸው። ቡናውም አለ፤ የሳዑዲ ባለቡና «ሀረሪ» ሲል የሐረርን፣ «ሎቅማቲ» ሲል የነቀምትን ማለቱ ነው፤ ስሙ በዐረብ አንደበት ስለ ተለወጠ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሲሰማው አያውቀውም። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚገዙት ለዐረቡ ቤተሰብ ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ ግን በትልልቆቹ ሰንሰለቶች መደርደሪያ ላይ እንደ ኬረላ ሩዝ ቦታ አላገኙም።

አንዱ ምክንያት ከአገር ቤት ነው። ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ ያለው ዋጋ እንዳይንር ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 ከለከለች፤ በ2015 ክልከላው በከፊል ቢላላም አቅርቦቱ እንደ ሩዝ የሚታመንበት አልሆነም። የተጋገረ እንጀራ መላክ ግን ተፈቅዶ የኖረ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ነው። የገበያ ሰንሰለት የሚያውቀው በገንዘብ መቀበያው በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። የኬረላው ሠራተኛ ራሱ ገዝቶ ራሱ ስለሚያበስል ፍላጎቱ በየዕለቱ ተመዘገበለት። በባሕረ ሰላጤው ካሉ ኢትዮጵያውያን መካከል ግን እጅግ ብዙዎቹ በአሠሪ ቤት የሚያድሩ ሴቶች ናቸው። የኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ የሠራተኛዋን ምግብና መኝታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ይህ መብቷን የሚጠብቅ ነው፤ ነገር ግን የምትበላው በአሠሪዎቿ ጋሪ ውስጥ ገብቶ ስለሚከፈል የእርሷ ምርጫ በመደብሩ መዝገብ ላይ አይታይም። ሕጉ የሚሰጣት በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሲመጣ ደግሞ ገንዘቧን የምታወጣው በሃይፐርማርኬት ሳይሆን ወዳጆቿን በምታገኝበት በሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ቁጥሩ ብዙ ሆኖ ሳለ ገበያው ጥቂት የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የታሸገ በርበሬ ወይም ሽሮ ወደነዚህ መደርደሪያዎች ለማስገባት የሚፈልግ ነጋዴ በኤምሬትስ በቅድሚያ ምርቱን በባለሥልጣን ያስመዘግባል፤ በማሸጊያው ላይ የምርቱን ስም፣ ይዘቱን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን በዐረብኛ ያሳትማል። ትልልቅ ሰንሰለቶች በአጠቃላይ ዕቃውን ለማስገባት ክፍያ ሊጠይቁ፣ የሸጡበትንም ከወራት በኋላ ሊከፍሉ ስለሚችሉ፣ ያን ያህል ጊዜ ያለ ገንዘቡ መቆየት የሚችል ካፒታል ያስፈልገዋል። እንጀራ በቀናት ውስጥ የሚበላሽ በመሆኑ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፤ ዛሬም በአብዛኛው ለሸማቹ የሚደርሰው በትንንሽ የሐበሻ ሱቆች በኩል፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውሮፕላን ተጭኖ ወይም እዚያው ዱባይ ውስጥ ተጋግሮ ነው።