ርካሹ ሬንጅ ሮቨርና የጋራዡ ቋንቋ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር ላይ ከቀረበው በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ሬንጅ ሮቨር ገዛሁ። መኪናው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሲሆን፣ የተጠየቀበት ዋጋ ለአንድ ያረጀ ቶዮታ ኮሮላ ይጠየቅ ከነበረው እኩሌታ ገደማ ነበር። ደላላው «ጋሼ፣ ይህ እኮ የአምባሳደር መኪና ነው» አለኝ። የቆዳ ወንበሩን ዳሰስሁ፣ የበሩን አዘጋግ ሰማሁ፣ ደመወዜን ረሳሁ። ማንኛውም ሰነድ ሲቀርብላችሁ «ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ዋጋም ሰነድ መሆኑ በዚያች ቀን አልታየኝም።

በአገራችን አሮጌ መኪና ርካሽ ዕቃ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሌላው ዓለም የጣለው ኮሮላ እዚህ ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ከገዛበት አትርፎ ይሸጠዋል። የግብር ክብደትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለዚህ ምክንያት ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። እንግዲህ ሁሉም በሚወደድበት ገበያ አንድ ትልቅ፣ የሚያምር፣ የእንግሊዝ መኪና ብቻውን ከረከሰ፣ ገበያው የሚያውቀው ገዢው ግን ያላወቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ነገር ምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የእንግሊዝ መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው ገና በማለዳው ነው። ቢድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘ መኪና ከጂቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አስገባ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። (ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይህን ሰው ከቤንትሌ የመኪና ፋብሪካ ጋር ያገናኙታል። ፋብሪካው የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።) ስለዚያ ጉዞ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወሳው መድረሱ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብሎን ቢላላ ማን ያጠብቀው ነበር? አንድ ቧንቧ ቢቀደድስ ምትኩ ከየት ይመጣ ነበር? መኪናው ብቻውን መጣ፤ መኪና ግን ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም።

ብቻውን የማይኖረው ምን ስለሚያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ስጡ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራ፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ጎሚስታ። ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። (ጋራዥ የሚለው ቃል ግን ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፍጹም የሆነ ማስረጃ የለም።) የጣልያን ወረራ የዘለቀው ለአምስት ዓመታት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ የገባው የጭነት መኪና ብዛት፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም በአገራችን የቀሩት ጣልያናውያን መካኒኮችና ከእነሱ እጅ ሙያውን የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን ለመኪናው ዓለም ቋንቋ ሰጡት። እንግሊዞችም በ1933 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊታቸው ጋር ገብተው ነበር። አማካሪ አመጡ፣ የጦር አሠልጣኝ አመጡ፣ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ስምምነት ተፈራረሙ። ጋራዡን ግን አልወረሱትም። ለዚህም ነው የእንግሊዝ መኪና ሳይቀር በጣልያንኛ ቃል የሚታከመው።

የእንግሊዝን መኪና ባይተዋር ያደረገው ሌላው ነገር መንገዱ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ በኩል ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። ለእንግሊዝ ገበያ መሪው በቀኝ የተተከለለት መኪና ሁሉ በአንድ ሌሊት የተሳሳተ ወገን ላይ ተቀመጠ።

ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረበትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሮልስ ሮይሶች ነበሯቸው፤ ግምጃ ቤትና የራሱ ባለሙያ ያለው ሰው መለዋወጫ የሚርቀው በቀናት እንጂ በዓመታት አይደለም። ሆኖም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የወሰዳቸው ቮልስ ነበር። ይህ ታሪክ የሚነገረው ስለ ውርደቱ ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ፦ በዚያን ጊዜ በየመንደሩ የሚያስነሣው ሰው የነበረው መኪና ሮልስ ሮይሱ ሳይሆን ቮልሱ ነበር።

በእንግሊዝ አገርም ቢሆን በዚያው ዘመን ነገሩ አልሰመረም። ጃጓርን፣ ሮቨርንና ሌሎችን እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ጥላ ሥር ያስገባው ብሪቲሽ ሌይላንድ በሥራ ማቆም አድማና በጥራት ጉድለት ተዳክሞ በ1975 በመንግሥት እጅ ወደቀ። ዝርዝሩን ለኢኮኖሚ ታሪክ ባልደረቦቼ እተዋለሁ።

አሁን ወደ ጋሞ ልመለስ፤ የፈተናውን ምንነት ያስረዳኝ የኛው ደጋ ነውና። በጋሞ ደሬዎች ሃላቃ ለመሆን ሰው ድግስ ይደግሳል። አንትሮፖሎጂስቷ ዴና ፍሪማን በዶኮ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታሳየው፣ ሀብት ወደ ክብር የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው። ድግሱ ከባድ ነው፤ አንዳንዱም ዕዳ ይገባበታል። ነገር ግን የተደገሰው እህልና የታረደው ሰንጋ የሚገባው በጎረቤት ሆድ ነው፤ ጎረቤትም ያስታውሳል። እኔ ሬንጅ ሮቨሩን ስገዛ የፈለግሁት ያንኑ ይመስለኛል፦ ሰው ሲያየኝ እንዲነሣልኝ። ልዩነቱ የኔ ድግስ ማለቂያ የሌለው መሆኑና በላተኛውም ባሕር ማዶ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ መሆኑ ነው።

መኪናውን በገዛሁ በአራተኛው ወር አጎቴ በጨንቻ አረፈ። ለቀብሩ ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ከአርባ ምንጭ ተነሣሁ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ወደ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያወጣል። የዚህ መኪና ሞተር ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ቀላልና ኃይለኛ ነው፣ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን አይወድም። ከፍ ባልን መጠን ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ በጨንቻ ከፍታ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ከያዘ ችግር የለም። የኔ ክዳን አርጅቶ ነበር። ከዶርዜ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ቀጥሎም ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ። ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን ሳለ አንዱ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያጣፉ «ልጄ፣ ይህ በሬ ቢሆን ኖሮ አርደን እንበላው ነበር» አሉኝ። አልሳቅሁም። ቀብሩ ላይ አልደረስንም። በእኛ አገር ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም፤ የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያነሡት እሰማለሁ።

ከዚያ መንገድ ያነሣን ምን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ፤ ቁልቁል የሚወርድ ያረጀ ላንድሮቨር ነበር፣ ከኔው መኪና ጋር የአንድ ቤት ልጅ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራው ለቅንጦት ሳይሆን ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በመጥፋቱ ነው። ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ ቀጥ ያለ ባሌስትራ፣ በመዶሻ የሚቃና ነገር። ሬንጅ ሮቨር ከ22 ዓመት በኋላ ከዚያው ቤት ወጣ። ስለዚህ «የእንግሊዝ መኪና አይታመንም» የሚለው አባባል አልዋጥልህ ብሎኛል። አንዱን ታላቅ ወንድም የኛ አንጥረኛና የኛ በያጅ አሳደጉት፤ ታናሹ ግን በሽቦና በኤሌክትሮኒክስ ተጠቅልሎ መጥቶ እጃቸው የሚገባበት ቦታ አጣ።

ሲቀላ ያለው መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ በጣም የገረመው ብሎኖቹ ነበሩ። ከፊሉ በኢንች፣ ከፊሉ በሚሊሜትር። «ጋሼ፣ 13 ቁልፍ ይዘላል፣ 12 አይገባም» አለኝ። ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ጓርኒሲዮኑን በገዛ እጁ ቆርጦ ሠራው፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ነዳሁት። የከፈልሁት ገንዘብ ለሥራው የሚመጥን አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ የምታውቁትን ነገር ላስታውስ፦ በጋሞ ማኅበረሰብ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና አንጥረኛው ለረጅም ዘመን ከመሬትና ከጉባኤ ተገልለው ኖረዋል። ሃላቃውን ከፍ ያደረግነው በድግሱ ነው፤ ማረሻውን የሚያቃናለትን ሰው ግን አብረነው አንበላም ነበር። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ንግግር ይገባዋል፤ ከናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ የጋራዦችን የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪ ቢገኝ በሙሉ ልብ አማክረዋለሁ። አሮጌዎቹ መካኒኮች እያለፉብን ነው።

መኪናው አሁንም ከዚያው ጋራዥ ጀርባ በግራር ጥላ ሥር ቆሟል። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ደወለልኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው። ዋጋውን ነገርሁት፤ ረከሰበት መሰለኝ፣ ድምፁ ተለወጠ። ስለ ሞተሩ አልጠየቀኝም። ወንበሩ ቆዳ መሆኑን ብቻ ጠየቀኝ። እስካሁን አልሸጥሁለትም፤ ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።